አባ ጽጌና የተመለሱት ዣንጥላዎች

አባ ጽጌ በተቀበሩበት ዕለት እኛ ሴቶቹ ጀልባ ላይ ነበርን። እሳቸው የመነኮሱበትን ደሴት ሴት አይረግጠውም፤ ሥርዓቱ ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ነው። ስለዚህ ወንዶቹ አስከሬኑን ተሸክመው በዛፎቹ መካከል ሽቅብ ሲወጡ፣ እኛ ከዳርቻው ራቅ ብለን ውኃው ላይ ቀረን። በየጀልባው የተሳፈሩት የዩኒቨርሲቲያችን ሴት ተማሪዎች ናቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጉልበታቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። የእኛን ጀልባ የሚነዳው ጋሽ ኢብራሂም ሞተሩን አጠፋው። የፍትሐቱ ዜማ ከላይ፣ ከቅጠሉ ውስጥ፣ ወደ እኛ ይወርዳል፤ ነፋሱ ሲዞር ይጠፋል፣ ሲመለስ ደግሞ ይመጣል። ጀልባው ማንም ሳይነካው በዝግታ ይዞራል። አንድ ጊዜ ደሴቱን ፊት ለፊት እናየዋለን፣ አንድ ጊዜ ጀርባችንን እንሰጠዋለን፣ ከዚያ ደሴቱ እንደገና ይመጣል።

አንዷ ተማሪ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "አሁን ምን ላይ ደርሰው ይሆን?" አለችኝ።

"እኔ ምን አውቄ" አልኳት።

ጋሽ ኢብራሂም ሰማን። "አባ እንደሆኑ አሁን መላእክቱን ሰብስበው፣ 'እዚህስ ዩኒቨርሲቲ የላችሁም እንዴ?' እያሉ ነው" አለ። ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ፣ ሳቁ በሩን የከፈተለት ይመስል፣ እስከዚያ ድረስ ተይዞ የቆየው ለቅሶ መጣ።

ሞታቸውን የነገረኝ የግቢያችን ዘበኛ ነው። ስልክ ደውሎ "አባ አረፉ" አለኝ። እኔም "ምነው?" አልኩት፣ እንደ ሞኝ። ዕድሜ የጠገበ መነኩሴ ሲሞት "ምነው" አይባልም። ግን አባ ጽጌን ሞት ያገኛቸዋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አንድ ቦታ ተቀምጠው የማይገኙ ሰው ነበሩ፤ ሞትም ከልመናቸው እንደሚሸሹት ባለሀብቶች መንገድ የሚቀይርላቸው ይመስለኝ ነበር።

እኔ ባሕር ዳር የመጣሁት ከአዳማ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ ዩኒቨርሲቲ ልትከፍት ነው፣ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ይፈልጋሉ ሲባል ሰምቼ አመለከትኩ፤ ተቀበሉኝ። ስደርስ ግን ዩኒቨርሲቲው ገና ዩኒቨርሲቲ አልሆነም። በሰባታሚት በኩል፣ ከተማው አልቆ እርሻው በሚጀምርበት ቦታ፣ አንድ ያለቀ ሕንጻ ቆሟል። የቀረው ካስማ የተተከለበትና ሲባጎ የተወጠረበት ሜዳ ነው። ተማሪ የለም፣ የማስተማር ፈቃድም የለም። እኔም የቤተ መጻሕፍት ኀላፊ ተብዬ የተረከብኩት ባዶ የብረት መደርደሪያ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ሜዳውን አቋርጬ ወደ ሕንጻው ስሄድ አንድ ቀጭን ሽማግሌ መነኩሴ ከሩቅ ጮሁብኝ።

"ተይ አንች ልጅ! በግድግዳ ታልፊያለሽ እንዴ?"

ቆምኩ። ግራ ቀኝ አየሁ። ከሣርና ከሲባጎ በቀር ምንም የለም።

"የምን ግድግዳ ነው አባ?"

"የመመገቢያ አዳራሹ ነዋ! በሩ በዚያ ነው፤ ዙሪና ነይ።"

ያበዱ መሰሉኝ። ግን ዞርኩ፤ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ሳይሆን ድምፃቸው ውስጥ ምንም ቀልድ ስላልነበረ ነው። እሳቸውም በዚያ በሌለው በር ገብተው፣ በሌለው ኮሪደር መጥተው ተቀበሉኝ። "እዚህ ጋ መስኮት አለ" አሉኝ፤ "ከዚህ ሆነሽ ስታይ ሐይቁ ብልጭ ይላል።" አየሁ። እውነትም በባሕር ዛፎቹ መካከል የሐይቁ ውኃ ብልጭ ይላል። ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ሜዳ ሳቋርጥ እግሬ በራሱ ይዞር ነበር፤ ዛሬ አዳራሹ ተሠርቶ ስገባበት ድሮም የማውቀው ቤት ይመስለኛል።

አባ ጽጌ የዩኒቨርሲቲው ገንዘብ አሰባሳቢ ነበሩ። በወረቀት ላይ "የሀብት አፈላላጊ ኮሚቴ" የሚባል አለ፤ ሲሠራ ያየሁት ግን እሳቸውን ነው። የተወለዱት ከዱርቤቴ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ ነው። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው፣ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያሉ፣ ውሻ እያባረራቸው፣ ቁራሽ ለምነው ነው የተማሩት።

"ልመና ለእኔ ሙያየ ነው" ይሉ ነበር። "ለትምህርት ስለምን አደግሁ። ሌላው ሰው በስተርጅና ጡረታ ሲወጣ እኔ በሙያየ ተመልሸ ተቀጠርሁ።"

ሲለምኑ እጃቸውን አይዘረጉም። ሁለቱንም እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ይከታሉ። ምክንያቱን ስጠይቃቸው፣ "እጄን ካወጣሁ ሰው እጄን ያያል፤ ነገሩን አያይም" አሉኝ። አንድ ነጋዴ ቢሮ አብረን ገብተን አስታውሳለሁ። ሰውዬው ቶሎ ሊገላገለን መሳቢያውን ሳበ። አባ "ቆይ፣ አትቸኩል፤ መጀመሪያ ልንገርህ" ብለው ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር አስጎበኙት። የመኝታ ክፍሎቹን፣ ቤተ ሙከራውን፣ ልጆቹ ልብስ የሚያሰጡበትን ገመድ ሳይቀር ነገሩት። ሰውዬው ዓይኑን ጨፈነ። የሰጠንን ረስቼዋለሁ፤ ስንወጣ ግን "አባ፣ ያ ገመድ በየት በኩል ነው ያሉኝ?" ብሎ ከኋላችን መጥራቱን አልረሳም።

ሁሉም እንደዚያ አልነበረም። በከተማችን በሆቴል አዳራሽ ተሰብስቦ ቃል የመግባት ልማድ አለ። ይጨበጨባል፣ እልል ይባላል፣ ካሜራ ይነሣል፤ በማግስቱ ስልክ አይነሣም። አባ ቃላቸውን ያልፈጸሙትን ሰዎች ገንዘቡን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁም። ለቅሷቸው ላይ ይገኛሉ፣ ልጃቸው ክርስትና ሲነሣ ይሄዳሉ፣ ሲታመሙ ይጠይቃሉ። ስለ ዩኒቨርሲቲው ትንፍሽ አይሉም። ሰዎቹን የሚያስጨንቃቸው ይኸው ነበር። ሐይቁ ዳር ባለው ጎዳና ላይ አባን ከሩቅ ያየ ባለሀብት ከመኪናው ወርዶ በሌላ መንገድ በእግሩ ሲሄድ አይቻለሁ። ይህንን ብነግራቸው፣ "ለጤናው ጥሩ ነው፤ ሐኪም ተራመድ ብሎት ነበር" አሉ።

እያደር ከተማው ደረቀ። የሚሰጠው ሰጥቷል፣ የማይሰጠው መሸሽን ለምዷል። ወደ ገጠር የሚወስደው መንገድ ደግሞ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ አንድ ሳምንት ይዘጋል፤ "ዛሬ መኪና አለ?" ብሎ መጠየቅ የሁላችንም ልማድ ሆኖ ነበር። አባ አንድ ቀን ሐይቁን እያዩ "ይኸ እኮ አይዘጋም" አሉ።

ጋሽ ኢብራሂምን ያገኘነው ያኔ ነው። ቤተ ሰቡ ከዘር ማንዘር የሐይቁ ዳር ሙስሊሞች ናቸው፤ ዓሣ ያሰግራል፣ ጀልባ ይሠራል። "ምን ሊያደርጉ ነው በጀልባ የሚዞሩት?" አላቸው።

"ለትምህርት ቤት ልለምን።"

"የእኔ ልጅ ትማርበታለች?"

"ምነው አትማርም!"

"እንግዲያው ነዳጁን ቻሉ፣ ድካሙ የእኔ ነው" አለ ጋሽ ኢብራሂም።

አባ በሐይቁ ዙሪያ ባሉ መንደሮች መዞር ጀመሩ። የሚሄዱት በንግሥ ቀን፣ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ጊዜ ነው። መንገድ ዳር ለሚሠራ ቤተ ክርስቲያን እንደሚለመነው ሁሉ የእመቤታችንን ሥዕል ይዘው፣ ዣንጥላ ዘርግተው ይቆማሉ። ከዚያ ስለ ዩኒቨርሲቲው ያስረዳሉ፤ ልጆች ነርስነት፣ ምህንድስና፣ የእርሻ ትምህርት ይማሩበታል ይላሉ። ሕዝቡም "እሰይ አባታችን፣ ያስፈጽምዎ" ይላል። ጀልባዋ በሄደች ቁጥር ሞልታ ትመለስ ጀመር። የሞላችው ግን በከፋይ ዣንጥላ፣ በመጋረጃ፣ በምንጣፍና በጧፍ ነው። አንድ ጊዜ ከበሮም መጣ።

ቁልፍ ያለው ክፍል የእኔ ብቻ ስለነበር ዕቃው ሁሉ ቤተ መጻሕፍቱ ገባ። ዣንጥላዎቹን መደርደሪያው ላይ ደረደርኳቸው፤ ቀዩን ከቀይ፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊ ጋር፣ ወርቃማው ዘርፋቸው ወደ ውጭ እንዲንጠለጠል አድርጌ። ሙያ መቼም አይለቅም። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ግድግዳው በሙሉ ቀለም ይሆናል። እዚያ መካከል ተቀምጬ ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ወስዶኛል፤ ስነቃም የት እንዳለሁ ለማወቅ ትንሽ ይቸግረኝ ነበር።

አንድ ቀን አባ ገብተው በደስታ መደርደሪያውን ሲያዩ ቀለድኩባቸው።

"አባ፣ ሰዎቹ ይህን ሲሰጡዎ ምን ብለው ነው?"

"'ስለቴን ያድርሱልኝ' ብለው ነዋ።"

"ታዲያ ለማን ነው የምናደርሰው? እኔ ጋ እንደሆነ ታቦት የለም።"

አባ አልሳቁም። አንዱን ዣንጥላ ዘርፉን ይዘው ቆሙ፤ ከዚያ ወንበር ሳቡና ተቀመጡ። ፊታቸው እንደዚያ ሲሆን አይቼ አላውቅም።

"ቤተ ክርስቲያን የሚሠራ መስሏቸው ነው" አሉ። "ነግሬያቸው ነበር። ግን ሥዕል ይዠ፣ ዣንጥላ ዘርግቸ፣ በንግሥ ቀን ቆሜ… አፌ አንድ ነገር ሲናገር ሁለመናየ ሌላ ሲናገር ነበር።"

የዩኒቨርሲቲው ፕሬዝዳንት ዶክተር ያሬድ ክፉ ሰው አልነበሩም። ፈቃድ የሚሰጡት ሰዎች ከክረምቱ በፊት መጥተው ቤተ መጻሕፍቱን ሊያዩ ቀጠሮ ይዘዋል፤ መጽሐፍ ከሌለ ፈቃድ የለም። ስለዚህ አባ ዕቃውን ለሰጪዎቹ እንመልስ ሲሉ፣ ነገሩ ለዶክተሩ ቀላል ነበር። "ንዋየ ቅድሳት የሚሸጡ ሱቆች ደስ ብሏቸው ይገዙናል፤ በዋጋው መጽሐፍ እንገዛለን። መጽሐፉን የሚያነቡት የእነዚሁ ሰዎች ልጆች ናቸው። ኀጢአቱ ምኑ ላይ ነው?" አሉ።

"ኀጢአት ነው አላልሁም" አሉ አባ። "አልደረሰም ነው የምለው። ሰዎቹ 'ስለቴ ደረሰ' ብለው ልባቸው አርፏል። አልደረሰም።"

"እንመልስ ካሉ ዘንድሮ አንከፍትም።"

"አውቃለሁ።"

"ለሠራተኛውም የምንከፍለው ደመወዝ አይኖርም።"

አባ ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። "ይኸንንም አውቃለሁ" አሉ ቀስ ብለው።

እውነቱን ለመናገር እኔ እንዲሸጡ ነበር የፈለግኩት። የቤት ኪራይ አለብኝ፣ አዳማ እናት አለችኝ። ፊቴን አዙሬ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ።

ዶክተር ያሬድ ተነሡ። "አባ፣ የቆጡን አወርድ ብለው የብብትዎን እንዳይጥሉ!"

"የብብቴ የእኔ አይደለም እኮ ልጄ" አሉ አባ።

ዣንጥላዎቹ በእኔ ፊርማ የተረከብኳቸው ንብረቶች ስለሆኑ አብሬ ሄድኩ። ከባሕር ዳር ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። ጭጋጉ ውኃው ላይ ተኝቷል፤ ከዚያ ውስጥ በደንገል ታንኳ እንጨት የጫኑ ሰዎች ድንገት ብቅ ይላሉ፣ እኛን ያዩና መቅዘፉን ይረሳሉ። ምን ያድርጉ? ከጫፍ እስከ ጫፍ ከፋይ የተሞላ ጀልባ፣ ዘርፉ ውኃውን እየነካ፣ አፍንጫው ላይ አንድ መነኩሴ ተቀምጠው። አንዱ ባለ ታንኳ ማዕተቡን ይዞ አማተበ። ጋሽ ኢብራሂም "አይዞህ፣ ሰዎች ነን!" ብሎ ጮኸለት።

ሐይቁ መካከል ዝናብ ያዘን። እኔ እጄን ወደ አንዱ ዣንጥላ ስሰድ አባ "ተይ!" አሉ። "የታቦት ነው።"

"እንበሰብሳለን እኮ አባ!"

"እንበስብስ።"

ፕላስቲኩን ለዣንጥላዎቹ አለበስናቸው። እኛ ሦስታችን ከላይ እስከ ታች ራስን። ጋሽ ኢብራሂም ከጢሙ ላይ ውኃውን እየጠረገ፣ "ይህን ሁሉ ዣንጥላ ጭኖ ዝናብ የመታው ሰው ከኖኅ ወዲህ እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም" አለ። አባ በሳቅ ተንፈራፈሩ። ሰማዩና ውኃው አንድ ሆነው ዳርቻው ጠፍቶናል፤ ወዴት እንደምንሄድ አላውቅም ነበር። ደግሞም፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ በሕይወቴ እንደዚያን ሰዓት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በየመንደሩ ወረድን። አባ እያንዳንዱን ሰው እየፈለጉ "አልደረሰም፤ ይኸው። ለደብርህ ራስህ አግባው" ይላሉ። የሳቀ አለ። ያፈረ አለ። "ታዲያ ለምን መጀመሪያ አልነገሩንም?" ብሎ የተቆጣ አለ፤ አባ ነግሬ ነበር አላሉም፣ "ይቅር በለኝ" ነው ያሉት። ዣንጥላውን ተቀብሎ ለትምህርት ቤቱ በምትኩ የሰጠ ግን አልነበረም። እኔ እየጠበቅኩ ነበር። አንድ ሰው እንኳ "በሉ እንግዲህ ለትምህርት ቤቱ ይሁን" ይላል ብዬ ነበር። አላለም።

የመጨረሻው መንደር በደንቢያ በኩል ነው፤ ሰዎቹ እህላቸውን ለገበያ ቆላ ድባ የሚያወጡበት አካባቢ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ የሚባሉ ሴት አረንጓዴ ዣንጥላ ሰጥተው ነበር። ልጃቸው ማስተዋል በወባ ልትሞት ደርሳ፣ ብትድንልኝ ብለው ለእመቤታችን የተሳሉት ነው። አባ ዣንጥላውን ሲያወጡ ሴትዮዋ ወደ ኋላ ሸሹ።

"ምነው አባ? ስለቴን ይመልሱብኛል? ልጄ ተመልሳ ብትወድቅስ?"

ልጅቱ ከኋላቸው ቆማለች፤ ቀጭን፣ ዓይነ ትልቅ፣ ከበሽታው ገና ሙሉ በሙሉ ያላገገመች። አባ ብዙ አስረዷቸው። ሴትዮዋ ዣንጥላውን አልቀበልም አሉ። በመጨረሻ አባ "ነይ፣ አብረን እናድርሰው" ብለው ዣንጥላውን ራሳቸው ተሸክመው፣ በጭቃው መንገድ፣ የመንደሩ ማርያም ድረስ ሄዱ። ካህናቱ ተቀበሉ፤ እልልታ ሆነ። ሴትዮዋ የቤተ ክርስቲያኑን ደጃፍ ስመው ሲነሡ ፊታቸው ተፈትቶ ነበር። ወደ ጀልባው ስንመለስ ሸኙን፤ "ያ ትምህርት ቤት፣ አሁን ምን ሊሆን ነው?" ብለው ጠየቁ። አባም "እንጃ ልጄ፤ እግዚአብሔር ያውቃል" አሉ።

ባዶ ጀልባ ይዘን ተመለስን።

ፈቃድ ሰጪዎቹ መጡ፣ ባዶውን መደርደሪያ አዩ፣ በትሕትና ተሰናብተውን ሄዱ። መክፈቻው ለሌላ ዓመት ተላለፈ። ደመወዝ ቆመ። ሠራተኛው አንድ በአንድ ሌላ ሥራ ፈለገ። ዶክተር ያሬድ አባን ከሰላምታ በቀር ማናገር ተዉ። እኔም ተናደድኩባቸው፤ ቅዱስ ሰው መናደጃ ይሆናል ወይ አትበሉኝ፣ ከቅዱስ ሰው የበለጠ የሚያናድድ የለም። እሳቸው ግን በየቀኑ መጥተው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ከባዶው መደርደሪያ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። "ተሳስቻለሁ ብለው ያስባሉ?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"አይ" አሉ። መደርደሪያውን እያዩ፣ "ግን ያሳዝነኛል" አሉ። "እናንተ በእኔ እውነት ተራባችሁ።"

ያን ጊዜ ንዴቴ ለቀቀኝ። ሻንጣዬን ማዘጋጀቴን ግን አልተውኩም፤ ጥቅምት ሲያልቅ ወደ አዳማ ልመለስ ወስኜ ነበር።

ፈቃዱ በዓመቱ መጣ። መጽሐፉም፣ ወንበሩም፣ ልጆቻቸውን ከላኩልን ከሐይቁ ዙሪያ ሰዎች ጭምር እየተዋጣ መጣ። አባ "ልጁን የሰጠ ወንበሩን አይነፍግም" ይሉ ነበር። የምረቃ ሪባን ተቆርጧል፣ ንግግር ተደርጓል። ለእኔ ግን ዩኒቨርሲቲው የተከፈተው ከዚያ ሁሉ በፊት፣ ልሄድ በተዘጋጀሁበት በዚያው ጥቅምት፣ አንድ ጠዋት ነው።

ዘበኛው "አባ፣ እንግዳ አለብዎ" ብሎ ጠራ። አብሬ ወጣሁ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ነበሩ፣ ከደንቢያ ድረስ፤ አጠገባቸው ማስተዋል ጓዟን በነጠላ ቋጥራ ቆማለች።

አባ ደነገጡ። "ምን ሆንሽ ልጄ? ስለትሽ ደርሷል እኮ!"

"ስለቱስ ደርሷል፣ ልጄም ይኸዋ ድናለች። እኔ የመጣሁ በሌላ ነው" አሉ ሴትዮዋ። "ማስተዋል አሥራ ሁለትን ጨርሳ ውጤት መጣላት። የመደቧት ሩቅ አገር ነው፤ የመንገዱን ነገር እርስዎም ያውቁታል። አባቷ እንግዲያው ትዳር ትያዝ አለ። እኔ ሳስብ ሰነበትሁ። ዣንጥላየን ሊመልስ ሐይቅ ያቋረጠ ሰው ልጄንም ያጎልብኛል ብየ አልፈራም አልሁ። ይችውልዎ። ያስተምሩልኝ።"

"ትምህርት ቤቱ አልተከፈተም እኮ" አሉ አባ። "በእኔ ምክንያት ነው ያልተከፈተ።"

"ሰምቻለሁ። ቆላ ድባ ገበያ ያልሰማ የለም" አሉ ሴትዮዋ። "በእኔም ዣንጥላ ምክንያት ነው።"

አባ ጽጌ አለቀሱ። ሳይሸፋፈኑ፣ እንደ ልጅ። "ዕድሜየን ሙሉ ስለምን ቁራሽ ሰጥተውኛል፣ ሳንቲም ሰጥተውኛል፤ ልጁን የሰጠኝ ሰው የለም" አሉ።

ዶክተር ያሬድ ድምፅ ሰምተው ወርደዋል። ደረጃው ላይ ቆመው የሴትዮዋን የመጨረሻ ቃል ሰምተዋል መሰለኝ፤ ፊታቸው ሌላ ሆኗል። ማስተዋል ከሁላችንም ቀድማ አየቻቸውና፣ በቀጭን ድምፅ፣ "ትምህርት የሚጀመረው መቼ ነው?" ብላ ጠየቀች።

ዶክተር ያሬድ አባን አዩ፣ ሴትዮዋን አዩ፣ የልጅቱን ጓዝ አዩ። ከዚያ የሸሚዛቸውን እጅጌ ሰበሰቡ።

"አሁን" አሉ።

ወደ አንደኛው ክፍል ገባን። ባዶ እንዳይመስላት ብለን እኔና አባ ከኋላ ተቀመጥን፤ እናቷም በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ዶክተር ያሬድ የጂኦሎጂ መምህር ነበሩ፤ ፕሬዝዳንት ከሆኑ ወዲህ ጠመኔ አልያዙም። ሰሌዳው ላይ ሐይቁን ሣሉ። ከምድር ውስጥ የቀለጠ ድንጋይ ፈልቶ ወጥቶ፣ ፈስሶ፣ የወንዞቹን መውጫ እንደ ግድብ እንደዘጋው፤ ውኃውም መሄጃ አጥቶ ከዘመን ዘመን እየተጠራቀመ ጣና እንደሆነ አስረዱ። ማስተዋል በመጀመሪያ እናቷን፣ ቀጥላ መስኮቱን፣ ከዚያ ሰሌዳውን ብቻ ታይ ጀመር።

አባ ጽጌ ዕድሜያቸውን በዚያ ውኃ ዳር የኖሩ ሰው፣ አፋቸውን ከፍተው ይሰማሉ። በኋላ ወደ እኔ ጎንበስ አሉና፣

"ያን ሁሉ ጊዜ የምለምን ለዚህ ነበር?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"አዎ አባ።"

"እንዲህ መሆኑን እኮ አላውቅም ነበር!"

ለካ አንድም ቀን እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ገብተው ተምረው አያውቁም። አንድ ነገር ልላቸው አፌን ስከፍት እጃቸውን ክንዴ ላይ ጣል አደረጉ።

"ዝም በይ እስቲ" አሉኝ፤ "መምህሩ እየተናገረ ነው።"